ጨዋው ሲኒማ የተወው ሜዳ

በኖቬምበር 1934 ዶክተር ቶማስ ፓራን በአሜሪካው ሲቢኤስ ሬዲዮ ስለ ሕዝብ ጤና ንግግር ሊያደርጉ ተዘጋጅተው ነበር (ዘመናቱን በፈረንጆች አቆጣጠር እጽፋለሁ)። ያኔ የኒውዮርክ ግዛት የጤና ኮሚሽነር ናቸው። በጽሑፋቸው ውስጥ ቂጥኝን በስሙ ጠርተውታል። ጣቢያው ይህ ስም በአየር ላይ እንዲውል አልፈቀደም፤ ሐኪሙም በሽታውን ሸፋፍነው ከመናገር መቅረትን መረጡ። አንድ የጤና ሹም በሬዲዮ ሊጠሩት ያልቻሉትን ስም ግን በዚያው ዘመን ጥቂት ሳንቲም ከፍሎ ወደ አንድ ተራ ሲኒማ ቤት የገባ ሰው ይሰማው ነበር።

ያን ስም የሚጠሩት ፊልሞች በሙያው ኤክስፕሎይቴሽን ይባላሉ። በትንሽ ገንዘብና በጥቂት ቀናት እየተሠሩ፣ ትልልቆቹ ስቱዲዮዎች የማይነኩትን ጉዳይ ለገበያ ያወጡ ነበር፤ አባላዘር በሽታን፣ አደንዛዥ ዕፅን፣ ሴተኛ አዳሪነትን፣ ያለ ጋብቻ እርግዝናን። ዛሬ የሚያያቸው ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚያያቸው ለመሳቅ ነው። ሳቁ ብዙ ነገር እንደሸፈነብን አምናለሁ። አብዛኞቹ ደካማ ፊልሞች መሆናቸውን አልክድም፤ ግን የሚነቀፉበት ትልቁ ነገር የተሰባበረ ትወናቸው ወይም የሚንቀጠቀጥ ግድግዳቸው አይደለም። ይቅር የሚባል ድህነትና ይቅር የማይባል ውሸት በአንድ መንደር ይኖሩባቸዋል፤ የዛሬ ተመልካች ሁለቱን መለየት ይኖርበታል።

መጀመሪያ ላይ እንዲህ ያለ ጉዳይ የተናቀ አልነበረም። በ1913 ዩኒቨርሳል ስለ ሴቶች ንግድ «ትራፊክ ኢን ሶልስ»ን ሲያወጣ ኒውዮርክ ላይ ሕዝብ ተጋፍቶ ነው ያየው። በ1916 ሎይስ ዌበር፣ በዘመኗ ከታወቁት ዳይሬክተሮች አንዷ፣ ስለ ውርጃና ስለ ወሊድ መቆጣጠሪያ ፊልም ሠርታለች። ግን በ1915 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሲኒማ ንግድ እንጂ የሐሳብ ነፃነት ጥበቃ የሚገባው ነገር አይደለም ብሎ ስለፈረደ፣ እያንዳንዱ ግዛትና ከተማ በመቀሱ እንደልቡ ሆነ። ስቱዲዮዎቹ ከዚህ ለማምለጥ ራሳቸውን በራሳቸው ሳንሱር ማድረግን መረጡ። በ1927 የማይነኩ ነገሮችን ዘረዘሩ፣ በ1930 ደንብ አወጡ፣ በ1934 ጆሴፍ ብሪን ደንቡን በጥብቅ ማስከበር ጀመረ። በደንቡ መሠረት አባላዘር በሽታ ለፊልም የሚሆን ጉዳይ አይደለም፤ የወሊድ ትዕይንትም እንደዚያው። እነ ሜትሮ ጎልድዊን ሜየር ለቀው ወደ ሄዱት ሜዳ የፊልም አዟሪዎች ገቡ።

እነዚህ ሰዎች «አርባዎቹ ሌቦች» በሚል ቅጽል ይታወቁ ነበር። ቅጂያቸውን በመኪና ጭነው ከከተማ ከተማ ይዞራሉ፣ ሲኒማ ቤቱን ለጥቂት ቀናት ይከራያሉ፣ ግድግዳውን በፖስተር ይሸፍናሉ፣ ሳንሱሩ ሳይነቃ ይሄዳሉ። ከመካከላቸው ሉዊስ ሶኒ በዋሽንግተን ግዛት ሴንትሬሊያ የምትባል ከተማ ፖሊስ የነበረ፣ በ1921 ሮይ ጋርድነር የተባለውን የባቡር ዘራፊ ይዞ ስም ያወጣና በዚያው ስም ወደ ትርኢት ንግድ የገባ ነው። አዟሪዎቹ ከአንድ ፊልም ሁለት ዓይነት ቅጂ ይይዙ ነበር፤ አንዱ ለጥብቅ ከተማ የተቆራረጠ፣ ሌላው ለላላው ከተማ ሙሉው። ፊልሙ ሲጀምር ደግሞ ረዥም ጽሑፍ ይመጣል፤ ይህን የምናሳየው ወጣቱን ከጥፋት ለማዳን ነው የሚል። ጽሑፉ ጋሻ ነበር። ሆኖም አንዳንዴ የተጻፈው እውነት ሆኖ ይገኛል፤ የዚህ ዘርፍ እንቆቅልሹም እዚህ ላይ ነው።

ከሁሉም ጎልቶ የሚወሳው ድዌን ኤስፐር ነው። ሚስቱ ሂልደጋርድ ስታዲ ትጽፍለታለች፣ እሱ ያዘጋጃል፣ ሁለቱም ይሸጣሉ። በ1934 የሠሩት «ማንያክ» የአእምሮ ሕመምን እናስተምራለን ይላል፤ በየመሐሉ የሕመሞቹን ስምና ትርጉም እንደ መማሪያ መጽሐፍ በጽሑፍ ያስነብባል። ታሪኩ ግን የኤድጋር አለን ፖን «ጥቁሩ ድመት» ከእብድ ሐኪምና ከሞተ ሰው ማስነሳት ጋር አደባልቆ ይዟል። ዋናው ገጸ ባሕርይ የድመት ዓይን አውጥቶ ይበላል። ጎረቤቱ ድመትና አይጥ አብሮ ያረባል፤ አይጡን ለድመት፣ ድመቱን ለአይጥ እየቀለበ ቆዳ መሸጡን በኩራት ይተርካል። የእብደቱ ቅዠት ከ1922ቱ የስካንዲኔቪያ ፊልም «ሄክሳን» የተቀዱ ምስሎች ተደርበውበት ይታያል። ይህ ሁሉ በሥርዓት የተሠራ አይደለም፤ ግን አንድም ስቱዲዮ ያኔ እንዲህ ያለ ነገር አልሠራም። ተመልካቹ ቀጥሎ ምን እንደሚመጣ መገመት ያቅተዋል፤ ዘጠና ዓመት ያለፈው ፊልም ይህን ሲያደርግ ዝም ብሎ የሚታለፍ አይደለም።

በስፋት የሚታወቀው ግን «ሪፈር ማድነስ» ነው። ፈረንሳዊው ሉዊ ጋስኒዬ በ1936 ገደማ «ለልጆቻችሁ ንገሩ» በሚል ርዕስ ሠራው፤ ኤስፐር መብቱን ገዝቶ፣ ቆርጦና ቀጥሎ አዞረው። ማሪዋና ያጨሰ ወጣት ያብዳል፣ ይገድላል፣ ከመስኮት ይዘላል። በ1937 የወጣው የማሪዋና ግብር ሕግ በመንግሥት በኩል ይህንኑ ፍርሃት ይዞ ነው የመጣው። ፊልሙ ተረስቶ ሳለ፣ በ1972 ሕጉ እንዲላላ የሚታገለው ኖርምል የተባለ ድርጅት መሥራች ከአሜሪካ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት አንድ ቅጂ በ297 ዶላር ገዛና ለዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ያሳየው ጀመር። ተማሪዎቹ በሳቅ ፈረሱ። ከዚያ ወዲህ የዚህ ዘርፍ ፊልም ሁሉ በዚያ ሳቅ በኩል ነው የሚታየው፤ እኔም የማዝነው በዚህ ነው። «ሪፈር ማድነስ» ከወገኖቹ ሁሉ የባሰ ግልጽ ውሸታም ስለሆነ፣ ሌሎቹ በእሱ ልክ ተሰፍተው ቀሩ።

«ዳሜጅድ ላይቭስ»ን እንይ። በ1933 ኤድጋር ኡልመር ሠራው፤ በኋላ «ዘ ብላክ ካት»ንና «ዲቱር»ን የሠራው ያው ኡልመር ነው። አንድ ወጣት ነጋዴ አንድ ሌሊት ከሌላ ሴት ጋር ያድራል፣ ቂጥኝ ይዞ ይመለሳል፣ ሚስቱን ያስይዛል። ሐኪሙ በቁጣ አይናገረውም፤ ክሊኒኩን እያዞረ ሰዎቹን ያሳየዋል። በሽታው በሕክምና እንደሚድን፣ ሕክምናው ግን ረዥም እንደሆነ ይነግረዋል፤ በፔኒሲሊን ማከም ገና ከአሥር ዓመት በኋላ ነው የመጣው። ሚስትየዋ ተስፋ ቆርጣ ሞትን የምትመርጥበት ምሽት ከብዙ የዘመኑ ውድ ድራማዎች ይልቅ ይከብዳል፤ ካሜራው አይቸኩልም፣ ሙዚቃ አይጮህም። የኒውዮርክ ሳንሱር ፊልሙን እስከ 1937 አገደው። ኤች አይ ቪ በቤቱ ያለፈበት ወይም በጎረቤቱ ያየ ኢትዮጵያዊ ይህን ፊልም ሲያይ የሚስቅ አይመስለኝም። ባልና ሚስት ስለ ምርመራ ውጤት መነጋገር ሲያቅታቸው የሚወርደውን ዝምታ ያውቀዋል።

በይበልጥ የሚያሟግተኝ «ቱሞሮውስ ቺልድረን» ነው፤ በ1934 ክሬን ዊልበር ሠራው። አሊስ የምትባል ወጣት ማግባት ትፈልጋለች። ወላጆቿ ሰካራሞች፣ እህት ወንድሞቿ ሕመምተኞችና አካል ጉዳተኞች ናቸው፤ ስለዚህ «ዘራችሁ ደካማ ነው» ተብሎ እሷም እንዳትወልድ በቀዶ ጥገና እንድትመክን ፍርድ ቤት ያዝዛል። ይህ ልብ ወለድ አልነበረም። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1927 ካሪ በክ በተባለች ሴት ጉዳይ እንዲህ ያለውን ሕግ አጽድቋል፤ በ20ኛው ክፍለ ዘመን በአሜሪካ ከ60,000 በላይ ሰዎች በዚህ ዓይነት ሕግ መክነዋል፤ የናዚ ጀርመን ተመሳሳይ ሕግ በሥራ ላይ የዋለው ፊልሙ በወጣበት ዓመት ጃንዋሪ ላይ ነው። ሆሊውድ ዝም ባለበት ሰዓት ይህ ርካሽ ፊልም ሕጉን ግፍ ነው ብሎ ጮኸ። ጩኸቱ ግን መጨረሻው ላይ ይሰበራል። አሊስ የምትድነው እናቲቱ «የወለድኳት ልጄ አይደለችም» ብላ ስትናዘዝ ነው። ሕጉ ትክክል አልነበረም የሚል ፍርድ አንሰማም፤ የምንሰማው ሕጉ በተሳሳተ ሰው ላይ ሊፈጸም እንደነበር ብቻ ነው። እውነተኛዎቹ እህት ወንድሞቿስ? ፊልሙ እነሱን ረስቷቸዋል። ድፍረትና ፍርሃት እንዲህ ተጣብቀው የሚታዩበት ሥራ ብዙ አላየሁም፤ ስለ ዘመኑ ከማንኛውም ሥርዓታማ ፊልም በላይ የሚነግረኝም ለዚህ ነው።

በገበያ ሁሉንም የበለጠው በ1945 የወጣው «ሞም ኤንድ ዳድ» ነው፤ ክሮገር ባብ የተባለ ነጋዴ አሠራው፣ ዊልያም ቦዲን አዘጋጀው። እናት ስላላስተማረቻት ያረገዘች ልጃገረድ ታሪክ ነው። ሴቶችና ወንዶች በተለያየ ሰዓት ይገባሉ። መሐል ላይ ፊልሙ ቆሞ «ኤሊየት ፎርብስ» የተባለ ባለሙያ መድረክ ላይ ወጥቶ ያስተምራል፤ ስሙ የፈጠራ ነው፣ በአንድ ጊዜ ብዙ «ፎርብሶች» በየከተማው ይዞሩ ነበር። አዳራሹ ውስጥ የነርስ ልብስ የለበሱ ሴቶች የአካል ትምህርት መጽሐፍ በአንድ ዶላር ይሸጣሉ። ታሪኩ ዛሬ አሰልቺ ነው። ነገር ግን በመጨረሻው ክፍል እውነተኛ ወሊድ፣ እውነተኛ ቀዶ ጥገና ይታያል፤ በዚያ ጊዜ ፊልሙ ሌላ ፊልም ይሆናል። ብዙ ሴቶች የገዛ አካላቸው እንዴት እንደሚወልድ ያዩት ያን ቀን ነበር። ነጋዴው ስለ ገንዘቡ እንጂ ስለ እነሱ ባያስብም፣ ያዩት ነገር እውነት ነበር። ፊልሙ በ2005 በአሜሪካ ብሔራዊ የፊልም መዝገብ ውስጥ ገብቷል፤ ይገባዋልም።

ለ«ኢንጋጊ» ግን ይህን ልል አልችልም። በ1930 የወጣው ይህ ፊልም በቤልጂየም ኮንጎ የተደረገ እውነተኛ ጉዞ ነኝ ብሎ፣ አፍሪካውያን ሴቶች ለጎሪላ ይሰጣሉ ብሎ አሳየ። አብዛኛው የጫካ ምስል ከቀድሞ ፊልሞች የተቀዳ ነው፤ የጎሪላውን ቆዳ የለበሰው ቻርልስ ጀሞራ የተባለ ባለሙያ ነበር፤ «ፒግሚ» ተብለው የታዩት የሎስ አንጀለስ ጥቁር ልጆች ናቸው። የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን መርምሮ ውሸቱን አጋለጠ፤ ቢሆንም ሕዝቡ አስቀድሞ ተጋፍቶ አይቶታል። አርኬኦ የተባለው ስቱዲዮ በ1933 «ኪንግ ኮንግ»ን ለመሥራት የደፈረው በዚህ ገበያ ተበረታቶ ነው ይባላል። በዚያው በ1930፣ በእኛ አቆጣጠር ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም.፣ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የንግሥ በዓል አዲስ አበባ ላይ ሲከበር የውጭ ካሜራዎች ቆመው ይቀርጹ ነበር። አፍሪካን በእውነት ማሳየት ይቻል ነበር ማለት ነው፤ የተመረጠው ግን ሌላው ነው። «ማንያክ»ን በድህነቱ ይቅር እላለሁ። «ኢንጋጊ» የበደለው በገንዘብ እጥረት አይደለም።

ይኸው ጭካኔ ከሸራው ውጭም ነበር። ኤስፐር «ናርኮቲክ» የተባለ ፊልሙን በ1933 ሲያዞር፣ በሲኒማ ቤቱ መግቢያ አዳራሽ የደረቀ አስከሬን አቁሞ በሱስ የሞተ ሰው ነው ይል ነበር። አስከሬኑ በ1911 ኦክላሆማ ላይ በጥይት የተገደለ ኤልመር ማከርዲ የተባለ ወንበዴ ነው። ቀብር ያገኘው በ1977 ነው፤ ከዚያ በፊት ካሊፎርኒያ ውስጥ በአንድ መዝናኛ ቦታ አሻንጉሊት መስሎ ተሰቅሎ ነበር።

ከ2020 ወዲህ ኪኖ ሎርበርና ሰምቲንግ ዊርድ የተባሉ ድርጅቶች ብዙዎቹን ፊልሞች ከተሻሉ ቅጂዎች አጽድተው በተከታታይ አውጥተዋል፤ «ኢንጋጊ»ም በ2021 በዚሁ ተከታታይ ወጥቷል። ቀድሞ የምናያቸው ቅጂዎች በየከተማው መቀስ የተቆራረጡ፣ በተደጋጋሚ በመቀዳት የደበዘዙ ነበሩ፤ ከሳቁ ከፊሉ ለዳይሬክተሩ ሳይሆን ለተበላሸው ቅጂ የሚገባ ነበር። መጀመር ለሚፈልግ ሰው የምመክረው በ«ሪፈር ማድነስ» እንዳይጀምር ነው። «ዳሜጅድ ላይቭስ»ን ያስቀድም፣ ቀጥሎ «ቱሞሮውስ ቺልድረን»ን ይይ፣ ከዚያ «ማንያክ»ን። ከቻለ ከሰው ጋር ይያቸው፤ እነዚህ ፊልሞች የተሠሩት ለሙሉ አዳራሽ ነው፣ ከታዩም በኋላ ክርክር ያስነሳሉ።