የእጅ ሙከራ፦ ኮድ የማይጽፍ መሥራች ከየት ይጀምር?

የሶፍትዌር ኩባንያ ማቋቋም የሚፈልግ፣ ኮድ መጻፍ ግን የማይችል ሰው አብዛኛውን ጊዜ መጀመሪያ የሚፈልገው ፕሮግራመር ነው። ሐሳቡ አለኝ፣ የጎደለኝ የሚሠራልኝ ሰው ብቻ ነው ብሎ ያምናል። ስለዚህ ወይ ያጠራቀመውን ገንዘብ መተግበሪያ ለሚሠራ ድርጅት ይከፍላል፤ ወይ ደግሞ ድርሻ እሰጥሃለሁ ብሎ አንድ ወጣት መሐንዲስ ያግባባል። ከወራት በኋላ አፑ ይወጣል፣ ዘመድ አዝማድና ጓደኛ ያወርደዋል፣ ከዚያ በኋላ ጭር ይላል። እዚህ የማብራራው ቃል ይህን ቅደም ተከተል የሚገለብጥ አሠራር ስም ነው። ፈረንጆቹ «ኮንሲየርጅ ኤም ቪ ፒ» ይሉታል፤ በሰፊው ያስተዋወቀው አሜሪካዊው ኤሪክ ሪስ እ.ኤ.አ. በ2011 ባሳተመው «ዘ ሊን ስታርትአፕ» በተባለ መጽሐፉ ነው። ወደፊት ሶፍትዌር ይሠራዋል የተባለውን አገልግሎት፣ ሶፍትዌሩ ገና ሳይኖር፣ ለጥቂት እውነተኛ ደንበኞች በራስ ጉልበት፣ በስልክና በደብተር እያከናወኑ ዋጋውን እየተቀበሉ መሞከር ማለት ነው።

ኮንሲየርጅ የትልልቅ ሆቴሎች ቃል ነው፤ እንግዳው የጠየቀውን ሁሉ፣ ከቲያትር ትኬት እስከ መኪና፣ ደውሎም ሮጦም የሚያሰናዳ ሠራተኛ ነው፤ «ኤም ቪ ፒ» ደግሞ ገበያውን ለመሞከር የሚበቃ አነስተኛ ምርት ማለት ነው። «የአስተናጋጅ ሙከራ» ብንለው አንባቢው ትሪ የያዘ ሰው ይታየዋል። እኔ የምመርጠው «የእጅ ሙከራ» ነው። አንደኛ፣ ሥራው በማሽን ሳይሆን በእጅ መሠራቱን ይናገራል። ሁለተኛ፣ በገበያችን «እጅ በእጅ» ስንል ዕቃው ሲሰጥ ገንዘቡም ወዲያው ይቆጠራል ማለታችን ነው፤ በዚህ ሙከራ ውስጥ ብዙዎች የሚዘሉት ደግሞ ይህንኑ ክፍያውን ነው። በነፃ የተሰጠ አገልግሎት የሚያስገኘው ምርቃት ነው፤ ሰው ገንዘቡን አውጥቶ ይገዛው እንደሆነ አይነግርም።

ሪስ በመጽሐፉ የሚያቀርበው ዋና ምሳሌ በቴክሳስ፣ ኦስቲን ከተማ የተቋቋመው «ፉድ ኦን ዘ ቴብል» ነው። የኩባንያው ዕቅድ የአንድን ቤተሰብ የምግብ ምርጫ በአቅራቢያው ሱፐርማርኬት ቅናሽ ከተደረገባቸው ዕቃዎች ጋር አገናኝቶ የሳምንቱን የምግብ ዝርዝርና የግዢ ማስታወሻ ማውጣት ነበር። ለፕሮግራመር የሚያስጎመጅ ሥራ ነው፤ ዳታቤዝ አለው፣ ስሌት አለው፣ በየሱፐርማርኬቱ የሚለዋወጥ ዋጋ አለው። ኃላፊው ማኑኤል ሮሶ ግን ከዚህ ሁሉ አንዱንም ሳያሠራ ሱፐርማርኬት ሄዶ ሸማቾችን ማነጋገር ጀመረ፤ በመጨረሻ አንዲት ሴት እሺ አለችው። በየሳምንቱ እሷ ዘንድ እየሄደ ምን እንደምትወድ ይጠይቃል፣ የምግብ አሠራሩን መርጦ ያመጣል፣ ከምትገበይበት ሱፐርማርኬት ቅናሽ ያላቸውን ዕቃዎች ለቅሞ ዝርዝሩን ይሰጣታል፤ ሲወጣ 9.95 ዶላር ይቀበላል። አንድ ኩባንያ ለአንድ ደንበኛ! በሒሳብ ቢታይ እብደት ነው። ነገር ግን ይህ ሰው አንድ መስመር ኮድ ሳይጻፍ የትኛው ጥያቄ መጠየቅ እንዳለበት፣ የትኛው መረጃ ከንቱ እንደሆነ፣ ደንበኛዋ በሚቀጥለው ሳምንት ለምን እንደምትከፍል በየሳምንቱ ፊት ለፊት እየተማረ ነበር። ሁለተኛዋና ሦስተኛዋ ደንበኛ ሲጨመሩ ጊዜ አጠረው፤ ያኔ ዝርዝሩ በኢሜይል ይላክ ጀመር፤ ቀጥሎ የቅናሽ ዋጋዎቹን የሚለቅም ሶፍትዌር ተሠራ፤ ክፍያ በኢንተርኔት መሰብሰቡም በዚሁ መንገድ መጣ። እያንዳንዱ የሶፍትዌር ክፍል የተሠራው አስቀድሞ በእጅ ይሠራ የነበረው ሥራ ከአቅም በላይ ሲሆን ነው።

ይህ መሐንዲስ ያጣ ሰው ማካካሻ እንጂ ትክክለኛ መንገድ አይደለም የሚል አይጠፋም። እንዲህ ለሚል ሰው የምግብ አድራሹ ኩባንያ የዶርዳሽ አጀማመር መልስ ይሆነዋል። እ.ኤ.አ. በጥር 2013 አራት የስታንፎርድ ተማሪዎች የፓሎ አልቶ ምግብ ቤቶችን ምግብ ቤት ለቤት ማድረስ ሞከሩ። ከመካከላቸው ስታንሊ ታንግና አንዲ ፋንግ ኮድ መጻፍ ይችሉ ነበር። ቢሆንም ያወጡት የምግብ ዝርዝር በፒዲኤፍ የተለጠፈበትና የስልክ ቁጥር የተጻፈበት ተራ ድረ ገጽ ነበር። ስልኩ ሲጮኽ ራሳቸው ያነሣሉ፣ ትእዛዙን በጉግል ዶክስ ይመዘግባሉ፣ ምግቡን በመኪናቸው ያደርሳሉ፤ አድራሽ የት እንደደረሰ የሚያዩት ጓደኛ መፈለጊያ በሆነው የአፕል አፕ ነበር። የዛፖስ መሥራች ኒክ ስዊንመርን ደግሞ በዩኒቨርሲቲ የተማረው ፊልም ነው። እ.ኤ.አ. በ1999 ሰው ሳይለካ ጫማ በኢንተርኔት ይገዛል ወይ የሚለውን ለማወቅ በአካባቢው ካለ ጫማ ቤት ገብቶ ጫማዎቹን ፎቶ አነሣ፣ ድረ ገጽ ላይ ለጠፈ፤ ትእዛዝ ሲመጣ ተመልሶ በሙሉ ዋጋ ገዝቶ ይልካል። በእያንዳንዱ ጥንድ ጫማ እየከሰረ መልሱን አገኘ። አማዞን ኩባንያውን እ.ኤ.አ. በ2009 ወደ 1.2 ቢሊዮን ዶላር በሚጠጋ ዋጋ ገዛው። ኮድ የሚችሉትም የማይችሉትም ሥራውን በእጅ ከጀመሩ ምክንያቱ የችሎታ ማነስ አይደለም ማለት ነው።

በተቃራኒው መንገድ የሄደው ዌብቫን ነው። አስቤዛ በኢንተርኔት ተቀብሎ ቤት ለማድረስ የተቋቋመው ይህ ኩባንያ ገንዘብም መሐንዲስም አላነሰውም። ገና አገልግሎት በጀመረበት እ.ኤ.አ. በ1999 ለግንባታ ድርጅቱ ቤክተል የ1 ቢሊዮን ዶላር ውል ሰጥቶ በየከተማው በማሽን የሚንቀሳቀሱ መጋዘኖችን ሊያስገነባ ተነሣ፤ በሐምሌ 2001 ከስሮ ተዘጋ። ሲቢ ኢንሳይትስ የተባለው የጥናት ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2014 የወደቁ 101 ስታርትአፖችን የራሳቸውን ማብራሪያ ሰብስቦ ሲያይ 42 በመቶው የጠቀሱት ምክንያት ምርታቸውን ገበያው አለመፈለጉን ነበር፤ ከምክንያቶቹ ሁሉ በብዛት የተነሣውም ይኸው ነው። ሰው ለራሱ ውድቀት የሚሰጠው ምክንያት ሙሉ እውነት ነው ባይባልም፣ «ማንም አልፈለገውም» ብሎ ማመን የሚያኮራ ሰበብ ስላልሆነ እኔ አምናቸዋለሁ።

ወደ አዲስ አበባ እንምጣና አንድ ሐሳብ በዚህ መንገድ እንፈትሽ። ወላጆችን ከቤት ለቤት አስጠኚዎች ጋር የሚያገናኝ መተግበሪያ ታስቧል እንበል። በወረቀት ላይ ሁሉም ነገር ግልጽ ነው፤ ወላጅ ይመዘገባል፣ አስጠኚ ይመዘገባል፣ በየወሩ ከሚከፈለው ላይ ኩባንያው 10 በመቶ ይወስዳል። ይህን ለመሐንዲስ ብትሰጡት የወርሃዊ ክፍያ ሥርዓት፣ የኮከብ ደረጃ አሰጣጥና የመልእክት መለዋወጫ ይሠራላችኋል። በእጅ የሚሞክረው ሰው ግን አሥር ወላጅ ያነጋግራል፣ በስልክ አስጠኚ ያፈላልጋል፣ ራሱ ወስዶ ያስተዋውቃል፣ በደብተሩ ይመዘግባል። በሁለተኛው ወር ኮሚሽኑን ሊቀበል ሲደውል ስልኩ አይነሣም፤ ወላጅና አስጠኚ ተዋውቀዋል፣ ምን ያደርግላቸዋል? ይህን ደላላ ከጥንት ጀምሮ ያውቀዋል። ቤት የሚያከራይ ደላላ ኮሚሽኑን በየወሩ ሳይሆን ውሉ በተፈረመበት ዕለት የሚቀበለው፣ ቁልፉ ከተሰጠ በኋላ የሚፈልገው ሰው እንደሌለ ስለሚያውቅ ነው። እንግዲህ መሥራቹ ወይ እንደ ደላላው አንድ ጊዜ አስከፍሎ መሄድ አለበት፤ ወይ ደግሞ በየወሩ የሚያስፈልግ ሌላ ነገር፣ ለምሳሌ አስጠኚ ሲቀር ምትክ መላክን ወይም የልጁን ውጤት መከታተልን፣ በአገልግሎቱ ላይ መጨመር አለበት። ሁለቱ ፈጽሞ የተለያዩ ኩባንያዎች ናቸው፤ የሚያስፈልጋቸውም ሶፍትዌር የተለያየ ነው። ልዩነቱን በእጅ ሙከራ ለማወቅ የሚፈጀው የሁለት ወር የስልክ ካርድና የታክሲ ወጪ ነው።

ትንንሽ የሚመስሉ ነገሮችም እንዲሁ የሚገለጡት በእጅ ሲሠራ ነው። ከውጭ የተቀዳ የማዘዣ ቅጽ የመንገድ ስም፣ የቤት ቁጥርና የፖስታ ኮድ ይጠይቃል። አዲስ አበባ ውስጥ ዕቃ አድርሶ የሚያውቅ ሰው ግን አድራሻ ማለት ስልክ ቁጥርና «ቤተ ክርስቲያኑን አልፈህ፣ አረንጓዴው በር፣ ስትደርስ ደውል» መሆኑን ያውቃል። አሥር ዕቃ ያደረሰ መሥራች መሐንዲሱን የሚያሠራው ቅጽ ሌላ ነው፤ ሰፊ የማስታወሻ ቦታና የማይታለፍ የስልክ ቁጥር ሳጥን ይኖረዋል። የታክሲ መጥሪያው ራይድም ቢሆን መሥራቿ ሳምራዊት ፍቅሩ ፕሮግራመር ሆና ሳለ፣ ደንበኛ በ8294 ደውሎ ታክሲ እንዲያዝ መንገዱን ክፍት አድርጓል፤ ስልክ የሚያነሣ ሰው በዚህ ከተማ የኋላ ቀርነት ምልክት አይደለም። ደግሞም ለእጅ ሙከራ የሚያስፈልገው ዕቃ እዚሁ ተዘጋጅቶ ቆሟል። ጫማና ልብስ በቴሌግራም ቻናል የሚሸጡ ነጋዴዎች ፎቶ ይለጥፋሉ፣ ስልክ ቁጥር ይጽፋሉ፣ ክፍያ በቴሌብር ወይም በባንክ ይቀበላሉ፣ ዕቃውን በሞተር ይልካሉ። ማንም የስታርትአፕ ባለቤት ብሎ አይጠራቸውም እንጂ ሚሊዮን ብር ወጥቶባቸው ተጠቃሚ ያጡ አፖች የሚመኙት ደንበኛ በእጃቸው ነው።

የምሰማቸው ተቃውሞዎች እኩል ክብደት የላቸውም። «ሐሳቤ ይሰረቃል» የሚለው ቀላሉ ነው፤ ሊሰረቅ የሚገባው ሐሳቡ ሳይሆን ደብተሩ ነው፣ ደብተሩን ደግሞ ማንም አላየውም። «ዛሬ ሰው ሠራሽ አስተውሎት በአንድ ቀን አፕ ይሠራልኛል፣ ለምን በእጅ እለፋለሁ?» የሚለው ጠንከር ይላል። እውነት ነው፤ ኮድ እንደ ድሮው ውድ አይደለም። ነገር ግን የአስጠኚው መተግበሪያ በወራት ፋንታ በአንድ ቀን ቢሠራ ኖሮ ያው የተሳሳተ የወር ክፍያ ሥርዓት በአንድ ቀን ይሠራ ነበር። የረከሰው መልሱን መጻፍ ነው፤ ጥያቄውን የሚያመጣው አሁንም የማይነሣው ስልክ ነው። ከሁሉም የከበደው የሐቀኝነት ጥያቄ ነው። ሰው የሚሠራውን ማሽን ይሠራዋል ብሎ ማቅረብ ማታለል አይደለም ወይ? ሊሆን ይችላል። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2025 የአሜሪካ ዐቃቤ ሕግ «ኔት» የተባለውን የግብይት መተግበሪያ መሥራች በማጭበርበር ከሷል፤ ክሱ በሰው ሠራሽ አስተውሎት ይፈጸማል ተብሎ ለኢንቨስተሮች የተነገረው ግዢ በእርግጥ በፊሊፒንስ ባሉ ሠራተኞች በእጅ ይፈጸም ነበር ይላል። ድንበሩ እዚህ ላይ ነው። የስዊንመርን ደንበኛ ጫማውን አገኘ፤ ጫማው ከየትኛው መደርደሪያ እንደወረደ የነገረው ውሸት አልነበረም። ለገንዘብ ሰጪ ግን በእጅ የሚሠራውን በእጅ ነው ማለት ግዴታ ነው፤ የእጅ ሙከራ ተብሎ በስሙ ከተጠራም የሚደበቅ ነገር አይኖርም።

ዘዴው የማይሠራበትም አለ። የኮምፒውተር ጨዋታን ወይም ዋናው ዋጋው ፍጥነት የሆነን አገልግሎት በእጅ መሞከር አይቻልም። የሰው ገንዘብ ማስቀመጥና ማስተላለፍ የብሔራዊ ባንክ ፈቃድ ስለሚጠይቅ በደብተር የሚሞከር አይደለም፤ ሕክምናም እንዲሁ። በትክክል ተሞክሮም ኩባንያው ሊወድቅ ይችላል። የቤት ጽዳት ሠራተኞችን ያገናኝ የነበረው ሆምጆይ መሥራች አዶራ ቼንግ ሥራውን ለማወቅ ራሷ ቤት አጽድታለች፣ በጽዳት ድርጅትም ተቀጥራ ሠርታለች። ያም ሆኖ ኩባንያው እ.ኤ.አ. በ2015 ተዘጋ፤ ዋና ምክንያት አድርጎ ያቀረበው ሠራተኞች የቅጥር መብት ይገባናል ብለው የመሠረቱበትን ክስ ነው። ከዚያ በፊት ግን ደንበኛን በከፍተኛ የመጀመሪያ ጊዜ ቅናሽ ይስብ ነበር፤ በቅናሽ የገባ ደንበኛ ሙሉ ዋጋ ሲጠየቅ ይመለስ አይመለስ አስቀድሞ አይታወቅም። ለዚህ ነው «እጅ በእጅ» የሚለውን ትርጉም አጥብቄ የያዝኩት፤ የሙከራው ዋጋ ነገ የሚጠየቀው ዋጋ ካልሆነ ውጤቱ ያታልላል።

ታዲያ መሐንዲሱ መቼ ይምጣ? በደብተሩ ላይ አንድ ዓይነት ሥራ በአንድ ዓይነት መንገድ ሲደጋገምና አዲስ ደንበኛ ለመቀበል ጊዜ ሲጠፋ። ያኔ መሥራቹ «ሐሳብ አለኝ» ብሎ ሳይሆን ከፋይ ደንበኞችና የወራት መዝገብ ይዞ ይቀርባል፤ ስለ ድርሻ የሚደረገው ድርድርም ይለወጣል፣ ምክንያቱም ኩባንያው ያለ ኮድ እየሠራ ስለሆነ መሐንዲሱ የሚጠየቀው እንዲያሳድገው ነው። መጀመሪያ የሚጻፈው ኮድ ደግሞ ብዙ ጊዜ ደንበኛ የሚያየው አፕ አይሆንም። በየማታው በርካታ የክፍያ ስክሪንሾቶችን ከትእዛዝ ዝርዝር ጋር እያመሳከረ እስከ እኩለ ሌሊት የሚቀመጥ መሥራች መሐንዲሱን ከሁሉ በፊት የሚያሠራው ያንን ማመሳከሪያ ነው፤ ደንበኞቹ እስከዚያው በስልክና በቴሌግራም ማዘዛቸውን ይቀጥላሉ።