ገለባ፥ ከሰልና ንጹሕ ውሃ



የሰው ልጅ ፍሬውን ወስዶ ገለባውን መጣል ልማዱ ነው። በሀዲያ ምድር፣ በጃጁራና በአካባቢዋ፣ እንሰት ተፍቆ ቆጮው ወደ ጉድጓድ፣ ቃጫውም ወደ ገበያ ከሄደ በኋላ ትርፍራፊው በጓሮ ይቀራል፤ የቡናውም ገለፈት እንዲሁ ይደፋል። ዳሩ ግን ይህ የተናቀ ነገር የተበከለ ውሃን ለማጥራት ሊያገለግል ይችላል። ይህ ዕውቀት ከየት ተነሥቶ ወዴት እንደ ደረሰ እንመልከት።

አስቀድሞ የነገሩ ባሕርይ ይታወቅ። ስፖንጅ ውሃን ወደ ውስጡ ይመጣል፤ ከሰል ግን በውሃ የሟሟውን ነገር በገጹ ላይ ለጥፎ ያስቀራል። ሊቃውንት ይህን አድሶርፕሽን ይሉታል። በሚገባ የተዘጋጀ የአንድ ግራም ከሰል ረቂቅ ቀዳዳዎች ግድግዳ ቢዘረጋ ከ500 እስከ 1000 ካሬ ሜትር፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይሆናል።

በ1773 እ.ኤ.አ. በስዊድን አገር ካርል ሼሌ ከሰል ጋዝን እንደሚይዝ አስተዋለ። በ1785 ደግሞ ቶቢያስ ሎዊትዝ በሴንት ፒተርስበርግ ከሰል የፈሳሽን ቀለም እንደሚያነጣ አገኘ። በ1900ና በ1901 ራፋኤል ኦስትሬይኮ ከሰልን በእንፋሎትና በብረታ ብረት ጨው የማንቃትን ዘዴ አስመዘገበ። በአንደኛው የዓለም ጦርነት መርዝ ጋዝ በተነሣ ጊዜም የኮኮናት ቅርፊትና የኮክ ፍሬ ዐጥንት ሳይቀር እየተሰበሰበ ለወታደሩ ጭንብል ከሰል ሆነ። ተጥሎ የነበረው ቅርፊት ነፍስ አዳነ ማለት ነው።

ወደ አገራችን እንመለስ። እናቶቻችን እንስራውን በወይራ ጢስ ማጠናቸው ለውሃው መልካም ጣዕም ይሰጣል፤ የሟሟውን ፍሎራይድ ግን አያወጣም። ማፍላትም ቢሆን አያስወግደውም። በስምጥ ሸለቆ የብዙ ጉድጓዶች ውሃ ለዓይን የጠራ ሆኖ ሳለ ፍሎራይዱ ከመጠን ያልፋል፤ ጥርስን ያበልዛል፣ እየቆየም ዐጥንትን ያጎብጣል። የወንጂ ስኳር ፋብሪካ በ1946 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ በኋላ ይኸው ችግር በሠራተኛው ላይ ታየ። ፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖትና ባልደረቦቻቸውም በ1987 እ.ኤ.አ. በስምጥ ሸለቆ ስላለው የፍሎራይድ በሽታ ጥናታቸውን አሳተሙ። የሀዲያም ምሥራቃዊ ቆላ ወደዚሁ ሸለቆ የሚወርድ ስለ ሆነ ነገሩ ከጃጁራ ሰው የራቀ አይደለም።

እንግዲህ የተክል ከሰል ለሁሉ መድኃኒት ነውን? አይደለም። ቀለምን፣ ሽታንና ብዙ የተክልና የእንስሳ ብስባሽ ቅመሞችን በደንብ ይይዛል፤ ፍሎራይድን ግን በራሱ የሚይዘው በጥቂቱ ነው። ለዚህ የተሻለው የአጥንት ከሰል ነው፤ በውስጡ ያለው የካልሲየም ፎስፌት ፍሎራይድን ይቀበላልና። የተክሉም ከሰል አልሙኒየም በመሳሰለ ብረት ሲታከም ኃይሉ ይጨምራል። በዩኒቨርሲቲዎቻችን ያሉ ተመራማሪዎችም የቡና ገለፈትን በመሳሰሉ ትርፍራፊዎች ክሮሚየምንና የማቅለሚያ ቀለምን ከውሃ ለመያዝ ሙከራ አድርገዋል፤ ክሮሚየም በቆዳ ፋብሪካ ፍሳሽ የሚገኝ ነውና።

በቤተ ሙከራ የሠመረ ሁሉ ግን በመንደር አይሠምርም። የውሃው አሲድነት ሲለወጥ የከሰሉም ኃይል ይለወጣል፤ ገጹ የሞላ ከሰል ሥራውን ያቆማል፣ የያዘውንም መልሶ ሊለቅ ይችላል፤ ጀርሞችንም እርሱን ብቻ ተማምኖ ማስወገድ አይቻልም።

ስለዚህ፣ በመሥሪያ ቤት ተቀምጦ የውሃ ሥራን መዝገብ የሚፈርም አንባቢያችን ሦስት ነገር ይጠይቅ፤ ውሃው ተመርምሮአልን? ማጣሪያው የሚይዘው የትኛውን ብክለት ነው? ከሰሉስ ሲሞላ ማን ይለውጠዋል? የዓለም ጤና ድርጅት ለፍሎራይድ የሰጠው መመሪያ በአንድ ሊትር 1.5 ሚሊግራም ነው። ይህን ሳይለኩ ማጣሪያ ማደል የደዌውን ስም ሳያውቁ መድኃኒት እንደ ማዘዝ ይቆጠራል። ገለባው በጓሮ አለ፤ የጎደለው የሚለካውና የሚከታተለው ሰው ነው።