የአምበሮቹ ባልና ሚስት ኢየሩሳሌም ሊሳለሙ ሲነሡ

እስቲ ቡናው እስኪፈላ አድምጡኝ።

ከደብረ ማርቆስ ወደ ደጀን ስትሄዱ መንገዱ አምበርን ሰንጥቆ ያልፋል። እዚያ፣ ከአስፋልቱ ወጣ ብሎ፣ ስማቸውን የማልጠራው ባልና ሚስት አሉ። ልጆቻቸውን ድረው ጨርሰዋል። አንድ ማታ፣ ገበታው ከተነሣ በኋላ፣ እማወራዋ «አንቱ፣ ዓለምን ዞር ብለን ሳናይ መሞታችን ነው?» አሉ።

አባወራው ግራ ገባቸው። «የትኛውን ዓለም?»

«ኢየሩሳሌምን ነዋ!»

የጎጃም ሰው ኢየሩሳሌምን ማወቅ የጀመረው ዛሬ አይደለም። ድሮ ጉዞው በእግር ነበር፤ ወይ በመተማ ወርዶ፣ ሱዳንን አቋርጦ፣ ዓባይን ተከትሎ ግብፅ መግባት፣ ወይ ከምጽዋ ባሕሩን መሻገር። ወባው፣ ሽፍታው፣ ጥሙ ስንቱን መንገድ ላይ አስቀርቷል! በሰላም የገባውም ቢሆን ዋስትና አልነበረውም፤ በ1830 ወረርሽኝ ገብቶ ኢየሩሳሌም ባለው ገዳማችን በዴር ሡልጣን የነበሩትን መነኮሳት ጨርሷቸዋል። እናም ተሳላሚ ከስንቁ በፊት ቤቱን ያሰናዳ ነበር። ዕዳ ይከፍላል፣ የተቀየመውን ይታረቃል፣ ለንስሐ አባቱ ይናዘዛል፣ ከብቱንና መሬቱን ምስክር ባለበት ይናገራል። ከባልና ሚስት አንዱ ቢቀር ጎጆው ባለቤት አለው፤ ሁለቱም ሲነሡ ነው ጭንቁ።

ዛሬ ከአዲስ አበባ ቴል አቪቭ አራት ሰዓት ገደማ ነው። የቤቱ ጣጣ ግን ያው ነው። የአምበሮቹም መሬት እኩል ለሚያርስ ጎረምሳ ተሰጠ፤ ላሚቱ ለታናሽ ልጃቸው። እማወራዋ የዕቁብ ዕጣቸው ቀድሞ እንዲወጣላቸው ዳኛውን ለመኑ።

ስንቁማ ራሱን የቻለ ወግ ነው። ጉዞው በሁዳዴ ስለሆነ ቅቤ የነካው ነገር አይታሰብም። ገብሱ ተፈትጎ፣ ተቆልቶ፣ ተፈጭቶ በሶ ሆነ። ዳቦ ቆሎው በዘይት ታሸ። ሽሮው በላስቲክ ተቋጥሮ፣ በላዩ ሌላ ላስቲክ ተደረበበት። አባወራው ሻንጣውን ከመሬት አንሥተው መለሱት።

«ይኸ ለአውሮፕላን ነው ለአህያ?»

«የሰው አገር ነው፤ ማን ያበላዎታል?»

ከዚያ የፓስፖርቱና የወረቀቱ ነገር መጣ። የልደት ምዝገባ በመላ አገሪቱ የተጀመረው በ2008 ማብቂያ ላይ ነው፤ አባወራው ስለ ልደታቸው የሚያውቁት እናታቸው ጤፍ አጨዳ ላይ ሳሉ ምጥ እንደያዛቸው ብቻ ነው። ወሩ ኅዳር ይሁን ተባለ። ቀኑን እሳቸው መረጡ፤ ኅዳር 21፣ ጽዮን ማርያም። ዓመቱ ወደ ፈረንጅ ሲዞር ሰባት ሲጨመርበት «ሰባት ዓመት አሳነሱኝ!» ብለው ሳቁ።

ቀጣዩ አላሳቀም። በእኛ ዘንድ ሚስት የባሏን ስም አትወስድም፤ ፓስፖርቱ ላይ ሁለቱም የየአባታቸው ልጆች ናቸው። ስንት ልጅ ያሳደጉ ባልና ሚስት ለእስራኤል ኤምባሲ ጸሐፊ ባዳ ናቸው። የተጋቡት በቁርባን ነው፤ ያጋቧቸው ቄስ አርፈዋል፤ ወረቀት የሚባል ነገር የለም። ከደብሩ ማስረጃ፣ ከጎረቤት ምስክር ይዘው ቀበሌ ሲመላለሱ ከረሙ። ከዝግጅቱ ሁሉ ይህን ያህል ጊዜ የበላ የለም። ለነገሩ የእኛን ፓስፖርት ይዞ ዓለምን መዞር ማለት አስቀድሞ የአዲስ አበባን ኤምባሲዎች መዞር ነው። ኬንያ ያለ ቪዛ ታስገባለች፤ አብዛኛው በር ግን ወረፋ ነው።

መንገዱስ? ድሮ የሚፈራው የሱዳን በረሃ ነበር። ከ2015 ማብቂያ ወዲህ ጎጃም ውስጥ ውጊያ ስላለ የአዲስ አበባው መንገድ ይዘጋል፣ ይከፈታል። ተሳላሚው ሻንጣውን ቆልፎ መጀመሪያ የሚጠይቀው «ዛሬ መኪና ወጥቷል ወይ?» ብሎ ነው። በወዲያኛውም በኩል፣ በእስራኤል፣ በ2016 መስከረም ጦርነት ተነሣ። አባወራው «እዚህም እሳት፣ እዚያም እሳት» ቢሉ፣ እማወራዋ ቅዳሜ ሥዑር ከክርስቶስ መቃብር የሚወጣውን ብርሃን በ33 ጧፍ ሳይቀበሉ ሐሳባቸውን እንደማይለውጡ ተናገሩ።

እስካሁን አልሄዱም፤ ለሚመጣው ሁዳዴ ቀጥረዋል። እናንተም በቁርባን የተጋባችሁ፣ ወይም እንዲህ የተጋቡ ወላጆች ያሏችሁ፣ ምስክሮቹ በሕይወት ሳሉ የጋብቻውን ወረቀት አውጡ። በሶው በሳምንት ይደርሳል።