የጠፋ አፍንጫን መልሶ መሥራት፦ ሕክምናውና ሸሪዓዊ ብይኑ

አፍንጫው በበሽታ ወይም በአደጋ የተበላሸበት ሰው በትንፋሽ ብቻ አይቸገርም፤ ከገበያ፣ ከሰርግና ከጀማዓ ሶላትም ይርቃል። በመሐል ሜዳም ሆነ በሌላው የመንዝ ደጋ እንዲህ ያለ ዘመድ ያላችሁ ሁለት ነገር እንድታውቁ እንወዳለን፦ አፍንጫ ተመልሶ ይሠራል፤ ማሠራቱም የአላህን ፍጥረት መለወጥ አይደለም።

ምክንያቱ ምንድን ነው?
በአገራችን ደጋማ ቦታዎች አንዱ ምክንያት ቁንጭር ነው። በገደል ከሚኖረው ሽኮኮ ወደ ሰው የሚተላለፈው በአሸዋ ዝንብ ንክሻ ሲሆን የአፍንጫን ቆዳና ውስጡን ሊበላ ይችላል። ሥጋ ደዌ፣ የሕጻናትን ፊት የሚያበሰብሰው ኖማ፣ የቆዳ ካንሰርና ቃጠሎም አሉ። አፍንጫው የሚሠራው በሽታው ታክሞ ከጠፋ በኋላ ነው፤ ያለዚያ አዲሱም ይበላል።

እንዴት ይሠራል?
ትንሽ ጉድለት ከጆሮ አካባቢ በሚነሳ ቆዳ ይሸፈናል፤ ይህ ንቅለ ቆዳ ነው። ለትልቅ ጉድለት ሐኪሙ የግንባርን ቆዳ በቅንድብ በኩል ካለው ደም ሥሩ ሳይበጥስ አዙሮ አፍንጫው ላይ ያለብሰዋል። ቅርጹን የሚያቆመው ከጆሮ ወይም ከጎድን የሚወሰድ ልም አጥንት ነው። ከሦስት ሳምንት ገደማ በኋላ ቆዳው በአዲሱ ቦታ ደም ሲያገኝ መያዣው ይቆረጣል። ስለዚህ መሐል ላይ አቋርጦ መቅረት ሥራውን ያበላሻል። በእነዚህ ሳምንታት ግንባሩን መሬት ማስነካት የማይችል ታማሚ ሱጁዱን በምልክት ያደርጋል።

ሸሪዓው ምን ይላል?
ሰሐባው ዐርፈጃ ኢብኑ አስዐድ (ረ.ዐ) በኩላብ ጦርነት አፍንጫቸውን አጡ። በብር ያሠሩት ሲሸት ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) በወርቅ እንዲያሠሩ አዘዟቸው። ሐዲሱን አቡ ዳውድና ቲርሚዚ ዘግበውታል። ወርቅ ለወንድ ክልክል ሆኖ ሳለ ለችግሩ ሲባል መፈቀዱን እናስተውል። ዓለም አቀፉ የፊቅህ አካዳሚም እ.ኤ.አ በ1988 ጅዳ ላይ፣ ጥቅሙ ከጉዳቱ ካመዘነ፣ የጠፋን ለመተካት ወይም ሰውን የሚያሳቅቅ ጉድለትን ለማስወገድ ከራስ አካል ወደ ራስ አካል መንቀልን ፈቅዷል።

የት ይኬድ?
መነሻው የመሐል ሜዳ ሆስፒታል ነው፤ ከዚያ በሪፈር ወደ ደብረ ብርሃን፣ ካስፈለገም ወደ አዲስ አበባ። በአዲስ አበባ የካቲት 12 ሆስፒታል የፕላስቲክ ቀዶ ሕክምና ይሰጣል፤ አለርት በሥጋ ደዌና በቆዳ ሕክምና ይታወቃል።

ቁስሉ ሳይሰፋ የታከመ ሰው ለቀዶ ሕክምና ላይደርስ ይችላል። ስለዚህ በቤት የደበቅነው ሕመምተኛ ካለ ዛሬውኑ ይዘነው እንሂድ። አላህ ለሁሉም ዓፊያውን ይስጥ።