ከስንዴና ከብርቱካን ልጣጭ የተገኘ ትምህርት



ለሥራ አዲስ አበባ በሄድኩበት ወቅት ቢራውን እዚያው ጠምቆ በሚሸጥ አንድ ቤት ውስጥ ከስንዴ የተሠራ፣ ብርቱካን ብርቱካን የሚል ቢራ ቀመስኩ። መልኩ እንደ ብርዝ ደፍረስ ያለ፣ ምሬቱም ቀለል ያለ ነው። ጠማቂው ከገብስ ብቅልና ከስንዴ ሌላ ድንብላልና የብርቱካን ልጣጭ እንዳለበት ነገረኝ። መጠጥ የማይቀምሱ አባሎቻችን ቅር አይበላቸው፤ የማወጋው ስለ ስካር ሳይሆን ስለ እህል፣ ስለ ፍራፍሬና ስለ ማኅበር ነው።

እንደሚታወቀው ብቅል አብቅሎ መጥመቅ ለእናቶቻችን አዲስ ሙያ አይደለም። ደጋው በገብስ፣ ቆላው በማሽላ ጠላ ይጠምቃል። በፋብሪካ ደረጃ ደግሞ ቅዱስ ጊዮርጊስ ቢራ በ1915 ዓ.ም. ተቋቁሟል። በእኛው ዞን ዋና ከተማ በደብረ ብርሃንም ዳሽንና ሐበሻ ፋብሪካ ተክለዋል።

የስንዴው ቢራ ታሪክ ግን ቤልጅየም ውስጥ ካለች ሁጋርደን ከምትባል ትንሽ ከተማ ይነሳል። የአካባቢው ሰዎች ከራሳቸው ማሳ ስንዴውን፣ ከሩቅ ኩራሳኦ ደሴት ደግሞ በመርከብ የሚመጣውን የመራራ ብርቱካን ደረቅ ልጣጭ ይጠቀሙ ነበር። ልብ እንበል፤ ባሕር የተሻገረው የሚበሰብሰው ፍሬ ሳይሆን የደረቀው ልጣጭ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1957 የከተማዋ የመጨረሻው የስንዴ ቢራ ጠማቂ ሥራውን አቆመ። ሙያው ጠፋ ሲባል፣ በልጅነቱ ጠማቂውን ያግዝ የነበረ ፒየር ሴሊስ የተባለ ወተት ሻጭ እ.ኤ.አ. በ1966 መልሶ ጠመቀው። ቢራውም ተወደደ፤ ገበያውም ሰፋ። ይሁንና እ.ኤ.አ. በ1985 ፋብሪካው በእሳት ጋየ። የነበረው ኢንሹራንስ ጉዳቱን የሚሸፍን አልነበረም። መልሶ ለመገንባት ከአንድ ትልቅ የቢራ ኩባንያ ገንዘብ ወሰደ፤ ውሎ አድሮም ፋብሪካው በዚያው ኩባንያ እጅ ገባ። ሙያውን ከሞት ያዳነ ሰው መጠባበቂያ በማጣቱ ንብረቱን አጣ።

ይህ ታሪክ ለይፋት ቆላ ገበሬ ምን ይጠቅማል? ሸዋ ሮቢትና አካባቢዋ ማሾ፣ ሽንኩርት፣ ቲማቲም፣ ማንጎና ፓፓያ ያመርታሉ። ቲማቲሙና ፍራፍሬው በአንድ ጊዜ ሲደርስ ዋጋው ይወድቃል፤ ነጋዴ በጠራው ዋጋ ይሸጣል፣ የቀረው ማሳ ላይ ይበሰብሳል። ልጣጭ አድርቆ ባሕር ማሻገር የተቻለው ከዛሬ ብዙ ዘመን በፊት ከሆነ፣ ዛሬ ማንጎና ቲማቲም ቆርጦ በንጽሕና ማድረቅ ከአቅማችን በላይ አይሆንም። ይህ ማለት ግን ነገ ፋብሪካ መጥቶ ይገዛናል ማለት አይደለም። ገዢ የሚፈልገው ዓመቱን ሙሉ የማይለዋወጥ ጥራትና በቂ መጠን ነው፤ ይህንንም አንድ ገበሬ ብቻውን ሊያሟላ አይችልም።

ሁለተኛው ትምህርት የመጠባበቂያ ጉዳይ ነው። በጠቅላላ ጉባኤ ላይ የትርፍ ክፍፍል ሲነሳ «ሁሉም ይከፋፈል» የሚል ድምፅ በየዓመቱ ይሰማል። የኅብረት ሥራ ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 147/1991 ከተጣራው ትርፍ 30 በመቶው ለመጠባበቂያ እንዲያዝ የደነገገው ያለ ምክንያት አልነበረም። ጎርፍ፣ ተባይ ወይም እሳት በደረሰ ቀን ማኅበሩን ከሰው እጅ የሚያድነው ይኸው ገንዘብ ነው።

አባቶች «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ይላሉ። ሎሚውን ተካፍለን የተሸከምን ሁሉ፣ ለክፉ ቀን የሚሆነውንም አብረን እናስቀምጥ።

መልካም የምሥረታ በዓል!