ኪታብ የተቀራበት አገር፣ እንግሊዝኛ የከበደበት ክፍል

በወሎ፣ በኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን፣ የከሚሴ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ቋንቋ የቸገረው ልጅ አይደለም። ቤቱ አፋን ኦሮሞ ይናገራል፤ አንደኛ ደረጃንም በዚሁ ቋንቋ ተምሯል። አማርኛውን ከገበያውም ከመማሪያ ክፍሉም አግኝቶታል። ብዙው ደግሞ ቁርኣን ቤት ገብቶ የዐረብኛን ሆሄያት ለይቷል። ይህ ልጅ ስምንተኛን ጨርሶ ዘጠነኛ ሲገባ ባዮሎጂው፣ ፊዚክሱ፣ ታሪኩ፣ ጂኦግራፊው በአንድ ክረምት ወደ እንግሊዝኛ ይዞርበታል። መጽሐፉን ከፍቶ ያነባል፤ የተጻፈው ግን አይገባውም።

የሚያንቀው ብዙዎቻችን የምናስበው ቃል አይደለም። ‘ፎቶሲንተሲስ’ ከባድ ይመስላል እንጂ መጽሐፉ ራሱ ይፈታዋል፤ መምህሩ ሥዕል ሥሎ ያስረዳዋል፤ ፈተና ላይም ስለሚመጣ ተማሪው ይይዘዋል። መንገድ የሚዘጋው በዙሪያው ያለው ነው፦ ‘አስዩም’፣ ‘ኢንዲኬት’፣ ‘ዴራይቭ’፣ ‘ዌርአዝ’ የመሳሰለው። እነዚህ ቃላት በሁሉም የትምህርት ዓይነት ይመላለሳሉ፤ የማንም ኃላፊነት ግን አይደሉም። የባዮሎጂ መምህሩ የእንግሊዝኛ መምህሩ ሥራ ናቸው ይላል፤ የእንግሊዝኛ መምህሩ ሰዋስዉን ለመጨረስ ይሯሯጣል። በኒውዚላንድ የዌሊንግተን ቪክቶሪያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዋ አቨሪል ኮክስሄድ እ.ኤ.አ. በ2000 ያሳተመችው ጥናት እንዲህ ያሉትን በ570 የቃል ቤተሰቦች ሰብስቧቸዋል። በትምህርታዊ ጽሑፍ ውስጥ ከአሥር ቃላት አንዱ ገደማ ከነዚህ የሚወጣ ነው። ከየአሥሩ ቃል አንዱ የጠፋበት አንባቢ ደግሞ፣ ከተራው ቃል የሚጎድለው ሲጨመርበት፣ የዓረፍተ ነገሩ ውል ይጠፋዋል።

እኔን የሚቆጨኝ ይህ ችግር የደረሰው የሩቅ የትምህርት ቋንቋን ማስተማር ጠንቅቆ በሚያውቅ አገር ላይ መሆኑ ነው። ወሎ የኪታብ አገር ነው። ደረሳው፣ የኪታብ ተማሪው፣ ፊቅህ ሊቀራ ሲመጣ ዐረብኛውን እየሰማ በራሱ ጊዜ ይገባዋል ያለ ሸህ አልነበረም። በሰርፍ አንዱ ሥር እንዴት እየረባ ብዙ ቃል እንደሚወልድ ያያል፤ በነህው፣ ብዙ ጊዜ ከአጅሩሚያ ጀምሮ፣ ቃሉ በዓረፍተ ነገር ውስጥ የሚይዘውን ቦታ ይለያል። ሸሁ መስመሩን በዐረብኛ ያነባል፤ ለደረሳው በሚሰማው ቋንቋ ይፈታለታል፤ ደረሳው መልሶ ይለዋል። የአፍ መፍቻው ቋንቋ ከኪታቡ ፊት የሚታፈርበት አልነበረም። ሸህ ጦልሃ ጀዕፈርን የመሰሉ የወሎ ዑለማዎች አማርኛን በዐረብኛ ሆሄ፣ በአጀም፣ እየጻፉ እስከ መንዙማ ድረስ አድርሰውታል።

በቤተ ክህነቱ በኩልም ነገሩ ከዚህ ብዙ አይርቅም። ወደ ሰሜን ወሎ ዋድላ የቅኔ አገር ናት። የቅኔ ተማሪ ቅኔ ከመቁጠሩ በፊት ግስ ይገሳል፤ የግእዙን ግስ ከአማርኛ ፍቺው ጋር ይይዛል፣ እርባ ቅምሩን ያወጣል። ዛሬ የቋንቋ ምሁራን የቃል ቤተሰብ የሚሉትን ያኔ ስም ሳይወጣለት ይሠሩበት ነበር። ሁለቱ ትምህርት ቤቶች በሃይማኖት ይለያዩ እንጂ በአንድ ነገር ይስማሙ ነበር፤ የሊቃውንት ቋንቋ በሥሩ፣ በተማሪው ቋንቋ እየተፈታ፣ እየተደጋገመ ይገባል እንጂ በመስማት ብቻ አይገባም።

ዘመናዊው ትምህርት ቤት ይህን ልምድ ሳይጠይቅ ነው የተተከለው። እስከ ጣሊያን ወረራ ድረስ የውጭ ቋንቋነቱ ስፍራ በዋናነት የፈረንሳይኛ ነበር። ከ1933 ዓ.ም. ነፃነት በኋላ በእንግሊዞች ተጽዕኖ እንግሊዝኛ ገባ፤ በ1943 ዓ.ም. የተከፈተው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅም በእንግሊዝኛ አስተማረ። በየትምህርት ቤቱ መምህራኑ በብዛት ሕንዶች፣ እንግሊዞች፣ ካናዳውያን ስለነበሩ አማርኛም ሆነ አፋን ኦሮሞ አያውቁም ነበር፤ ተማሪው በእንግሊዝኛ ከመኖር ሌላ ምርጫ አልነበረውም። በ1955 ዓ.ም. ደግሞ ወደ 280 የሚጠጉ የአሜሪካ ሰላም ጓድ በጎ ፈቃደኞች ገብተው በየሁለተኛ ደረጃው ተበተኑ። የወሎ ስመ ጥሩ ሁለተኛ ደረጃ ደሴ ያለው ወይዘሮ ስሂን ነበር፤ ያ ትውልድ እንግሊዝኛውን እንደያዘው ዛሬም ሽማግሌዎቹ ሲናገሩ ይታወቃል። ግን የዕድለኞች ትምህርት ነበር፤ ተማሪው ጥቂት፣ መምህሩ ቋንቋው ከአፉ የማይጠፋ። ተማሪው በዝቶ፣ መምህሩ አገሬው ሲሆን፣ አካሄዱ ባለበት ቀጠለ። በ1970ዎቹ መጨረሻ እንግሊዛዊው ጆን ስቶዳርት ባደረገው ጥናት የሁለተኛ ደረጃ ተማሪው እንግሊዝኛ ሌላ ትምህርት ሊሸከም እንደማይችል አስታወቀ። የሰማው አልነበረም።

ጥቅምት 1984 ዓ.ም. ላይ አፋን ኦሮሞ በላቲን ፊደል፣ በቁቤ፣ እንዲጻፍ ተወሰነ፤ የ1986ቱ የትምህርት ፖሊሲም የአፍ መፍቻ ቋንቋን የአንደኛ ደረጃ መማሪያ አደረገ። ይህ ትክክል ነበር። ለትምህርት ሚኒስቴር በ1990ዎቹ መጨረሻ የነካትሊን ሂዩ ቡድን ያጠናው ጥናት እንዳሳየው፣ እስከ ስምንተኛ ክፍል በአፍ መፍቻው የተማረ ልጅ በሒሳብና በሳይንስ ከሌላው በልጧል። ክፍተቱ ያለው ከዚያ በኋላ ነው፤ ከስምንተኛ ወደ ዘጠነኛ የሚያሻግር ድልድይ አልተሠራም። የቁቤ አንባቢ ላቲኑን ስላወቀ እንግሊዝኛው ይቀለዋል ተብሎ ታሰበ። ነገር ግን በቁቤ ‘ሲ’ የሚባለው ፊደል ‘ጨ’ን፣ ‘ኤክስ’ ‘ጠ’ን፣ ‘ኪው’ ‘ቀ’ን ይወክላል፤ እንደተጻፈም ይነበባል። እንግሊዝኛው እንዲህ አይደለም። ልጁ የሚያውቀው ፊደል የማያውቀውን ድምፅ ሲያወጣበት የሚያስረዳው ይፈልጋል።

በዚህ መሐል በ1997 ዓ.ም. የፕላዝማ ቴሌቪዥን ትምህርት መጣ። በደቡብ አፍሪካ የተዘጋጀው ትምህርት በሳተላይት በየክፍሉ ይተላለፍ ጀመር። በስክሪኑ ላይ ያለው መምህር አይቆምም፣ አይጠየቅም ነበር፤ የክፍሉ መምህር መግቢያና መጨረሻ ላይ ጥቂት ደቂቃ ያገኝ ነበር። ሸሁ መስመር እየቆረጠ ከሚፈታው ኪታብ ይህን ያህል የራቀ የማስተማሪያ ዘዴ አላውቅም። በርካታ መምህራን ስክሪኑ ሲጠፋ ትምህርቱን በአማርኛ ወይም በአፋን ኦሮሞ ደግመው ያስረዱ ነበር፤ ያውም ሱፐርቫይዘር እንዳይሰማ እየተጠነቀቁ። ልጆቹን ያተረፋቸው ይህ ድብቅ ማስረዳት ይመስለኛል፤ ሊደበቅ ግን አይገባውም ነበር።

የሰሜኑ ጦርነት ጥቅምት መጨረሻ ላይ ከሚሴ በደረሰበት በ2014 ዓ.ም. የትምህርት ዘመን የ12ኛ ክፍል ፈተና፣ በመላ አገሪቱ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጣው 3.3 በመቶ ብቻ ሆነ። የውጤቱ ምክንያት ብዙ ነው፤ ኩረጃው መቀነሱ፣ የመምህር እጥረቱ፣ ጦርነቱ። ጥያቄው የተጻፈበትን እንግሊዝኛ ግን ከዝርዝሩ ማውጣት አይቻልም፤ የፊዚክስ ጥያቄ የማይገባው ልጅ ፊዚክሱን አያውቅም ብለን ከመፍረዳችን በፊት ዓረፍተ ነገሩ ገብቶት እንደነበር መጠየቅ አለብን።

570ው ቤተሰብ ከዘጠነኛ እስከ አሥራ ሁለተኛ ለአራት ዓመት ሲከፋፈል በዓመት 143 ገደማ ነው፤ በ36 የትምህርት ሳምንት ቢሰላ በሳምንት አራት። አራት ቃል። ሰኞ የእንግሊዝኛ መምህሩ በአፋን ኦሮሞና በአማርኛ ይፍታቸው፣ የሚረቡትን ዘመዶቻቸውን ያውጣ፤ በሳምንቱ ውስጥ የባዮሎጂውና የታሪኩ መምህር እነዚያኑ በየራሳቸው ዓረፍተ ነገር ያምጧቸው፤ አርብ ተማሪው በራሱ ዓረፍተ ነገር ይመልሳቸው። ከሳምንታት በኋላ ደግሞ ይጠየቁ። ለዚህ ሳተላይት አያስፈልግም፤ የሚያስፈልገው የትምህርት ዓይነት መምህራኑ በሳምንት አንድ ጊዜ ተቀምጠው የሚመርጡበት ሰዓትና ርዕሰ መምህሩ በአፍ መፍቻ ቋንቋ መፍታትን እንደ ጥፋት እንዳይቆጥር የሚል የዞኑ ትምህርት መምሪያ አንድ ደብዳቤ ነው።