የመንግሥት የልማት ድርጅት ወደ ግል ሲዛወር የሚለወጡና የማይለወጡ መብቶች፦ የአሰላ ብቅል ፋብሪካ እንደ ማሳያ

ትርጓሜ

የመንግሥት የልማት ድርጅትን ወደ ግል ማዛወር ማለት የድርጅቱን ባለቤትነት በሙሉ ወይም በከፊል ከመንግሥት ወደ ሌላ ባለሀብት በሕግ ማስተላለፍ ነው። ገዥው ግለሰብ፣ ኩባንያ ወይም የኅብረት ሥራ ማኅበር ሊሆን ይችላል።

የሕግ መሠረት

ሥራው በ1980ዎቹ ተጀምሮ ለረጅም ጊዜ በአዋጅ ቁጥር 146/1991 ሲመራ ቆይቷል። ይህን አዋጅ የተካው አዋጅ ቁጥር 1206/2012 ነው።

የአሰላ ተሞክሮ

የአሰላ ብቅል ፋብሪካ ከአርሲ ደጋማ ወረዳዎች የሚሰበሰበውን የቢራ ገብስ ወደ ብቅልነት ይለውጣል። እ.ኤ.አ. በ2011 የበደሌና የሐረር ቢራ ፋብሪካዎች ለሄኒከን፣ በ2012 ደግሞ ሜታ አቦ ለዲያጂኦ ተሽጠዋል። ብቅል ፋብሪካው ግን እ.ኤ.አ. በ2017 የተላለፈው ለኦሮሚያ የግብርና ኅብረት ሥራ ማኅበራት ፌዴሬሽን ነው። በዚህም ገብስ አቅራቢው አርሶ አደር በማኅበሩ በኩል የፋብሪካው ባለድርሻ ለመሆን በቅቷል። ከአሰላ በስተሰሜን በሚገኘው የሂጦሳ ወረዳ፣ በኢተያና በአካባቢዋ ላሉ አምራቾችም ጉዳዩ በቀጥታ ገበያቸውን ይመለከታል።

መሬት

በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሠረት መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ አይሸጥም፣ አይለወጥም። ስለሆነም የድርጅቱ ገዥ የመሬት ባለቤት አይሆንም። የአጎራባች አርሶ አደሮች የይዞታ መብትም በሽያጩ ምክንያት አይቋረጥም።

ሠራተኞች

በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የድርጅት ባለቤትነት መተላለፉ ብቻውን የሥራ ውልን አያቋርጥም። ከሕግ ውጭ የተሰናበተ ሠራተኛ ወደ ሥራ ለመመለስ በ3 ወር ውስጥ፣ ያልተከፈለ ደመወዝ ለመጠየቅ ደግሞ በ6 ወር ውስጥ ክስ ማቅረብ ይኖርበታል። ጊዜው ካለፈ መብቱ በይርጋ ይታገዳል። በመሆኑም ሠራተኞች የቅጥር ደብዳቤያቸውንና የአገልግሎት ማስረጃቸውን ከርክክቡ በፊት በእጃቸው መያዝ ይጠቅማቸዋል።

ምርት አቅራቢዎች

ለፋብሪካ ምርት በውል የሚያቀርቡ አርሶ አደሮች የግብርና ምርት ውል አዋጅ ቁጥር 1289/2015 ይመለከታቸዋል። የጥራት መመዘኛው፣ ዋጋው፣ የመረካከቢያው ቦታና የክፍያው ጊዜ በጽሑፍ ተለይተው ሊሰፍሩ ይገባል። የውሉ አንድ ቅጂም በአምራቹ እጅ መቅረት አለበት።

በአክሲዮን መሳተፍ

ዜጎች በአነስተኛ ገንዘብም መሳተፍ የሚችሉበት አሠራር አለ። ኢትዮ ቴሌኮም በጥቅምት 2017 ዓ.ም. የ10 በመቶ ድርሻውን ለኢትዮጵያውያን ለሽያጭ ባቀረበ ጊዜ የአንድ አክሲዮን ዋጋ 300 ብር ነበር። አንድ ሰው ሊገዛ የሚችለው ከ33 እስከ 3,333 አክሲዮን ሲሆን፣ ግዥው በቴሌብር ተፈጽሟል።